በአፉ የተደፋ ታንኳ

ኦሬሊዮን ከባሕር ሲያወጡት ዓይኑ ክፍት ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ አሸዋው ላይ አስተኝተው የውኃ መነጽሩን ከፊቱ ሲያነሱለት፣ የሞተ ሰው ሳይሆን አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ያሟሸ ሰው መሰላቸው። አሮጌ መረብ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተጠምጥሞበታል። የአየር ሲሊንደሩን እንዳዘለ ነው።

ኢንስፔክተር ኤርሚንዳ ኳሬስማ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በአሸዋው ላይ ቀስ እያለች መጣች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ደልደል ያለች፣ እርጋታዋ ሰው የሚያናድድ ሴት ናት። በፕሪንሲፔ ደሴት ከእሷ ሌላ መርማሪ የለም። ማዕበል ደጃፉን እየመታው አድጎ ዋና የማይችል ሰውም ከእሷ ሌላ የለም ይሏታል፤ በፊቷ ግን አይሏትም።

"ነፍስ ይማር" አለችና ተንበረከከች።

የሲሊንደሩን መክፈቻ አዞረችው። እፍ እንኳ አላለም። ከዚያ የሟቹን ቀኝ እግር ተመለከተች። ባቱ ላይ የቢላዋ አፎት ታስሯል፤ ቢላዋው ግን የለም።

"ቢላዋው የት ሄደ?"

"ከእጁ አምልጦት ይሆናላ" አለ ሳጅን ቤንቪንዶ፣ እዚያ አገር ዛፍ ላይ የሚበቅለውን የዳቦ ፍሬ ጠብሶ እያላመጠ። ሬሳ አጠገብም ቢሆን የሚበላ ሰው ነው። "እንቅልፋሟ ሥር የወደቀ ነገር ደግሞ ወደቀ ነው፣ አለቀ።"

እንቅልፋሟ ከመንደሩ ርቃ ክፍት ባሕር ላይ ብቻዋን ያለች ድንጋይ ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት ጎኗን ሰጥታ የተኛች ሴት ትመስላለች። ከውኃው በላይ የሚታየው ትከሻዋና ዳሌዋ ብቻ ነው፤ ሌላው ገደልና ዋሻ ሆኖ ወደ ሰማያዊው ይወርዳል። ኦሬሊዮ እንግዶችን ይዞ እየጠለቀ የሚኖረው እዚያ ነበር።

"ማን አገኘው?"

"እኔ" አለ ከሰዎቹ ኋላ የቆመ ረጅም ሰው። ዜፌሪኖ ነው። ከኦሬሊዮ ጋር አብሮ ጠላቂ፣ በዚያ ላይ አበ ልጁ፤ የኦሬሊዮን ብቸኛ ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። ዓይኑ በልቅሶና በጨው ቀልቷል፣ ግራ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል። "መረቡ ድንጋዩ ላይ ተይዞ ቀርቶ ነበር። ባለቤት የሌለው መረብ በከንቱ ዓሣ ይጨርሳል ብሎ ማክሰኞ ሊቆርጠው ወጣ። ብቻውን። እኔ ጆሮዬን አሞኝ ተኝቼ ነበር።"

ኤርሚንዳ የኦሬሊዮን ታንኳ ያን ዕለት ባዶውን ሲንሳፈፍ አግኝተው ጎትተው ወዳመጡት ዓሣ አጥማጆች ዞረች።

"መልሕቁ የት ነበር?"

"ታንኳው ውስጥ" አለ አንድ ሽማግሌ። "ገመዱም በወጉ ተጠቅልሎ።"

"ሰውየው ታች መረብ ውስጥ ሞቶ፣ መልሕቁን ማን ሳበው?"

ማዕበሉ መጥቶ የሟቹን እግር ነክቶ ተመለሰ። ከዚያ አንዲት ሴት "ባልታዛር!" ብላ ጮኸች፤ የቀሩትም ተቀበሏት። ድንጋይ ያነሱም ነበሩ። ኤርሚንዳ ባልታዛርን ከቤቱ አስወጥታ ጣቢያ ያስገባችው ጥፋተኛ ነው ብላ ሳይሆን፣ ሳይመሽ እንዳይገድሉት ብላ ነው።

*

"ስማኝ ባልታዛር" አለችው። "ቅዳሜ መርከብ ይመጣል። ዝም ካልክ ወደ ሳኦ ቶሜ ይወስዱሃል። እዚያ ያለው ዐቃቤ ሕግ እንደ እኔ ታጋሽ አይደለም።"

ባልታዛር ዓሣ በባሩድ የሚያጠምድ ሰው ነው። ባሩዱ ሁለት ጣቶቹን ወስዶበታል፣ አመሉን ግን አልወሰደለትም። ኦሬሊዮ ለባሕር ጠባቂዎቹ ስለጠቆመበት፣ በሰው ፊት "እንቅልፋሟ ሥር አስተኛሃለሁ" ብሎ ዝቶበታል። ይህንን ዛቻ ያልሰማ የመንደሩ ሰው የለም፤ ያልሰማውም ሰምቻለሁ ይላል።

"ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?"

"በእግዜር ምድር።"

"የትኛው ጥጉ ላይ?"

"እትዬ ኢንስፔክተር፣ ብነግርዎት ከዚህ እስር ቤት አውጥተው እዚያኛው ውስጥ ይከቱኛል። ምን ሠራሁ?"

"የሰው ነፍስ ነው የምጠይቅህ።"

"ነፍስ አልነካሁም።"

"ታንኳውንስ? የኦሬሊዮን ታንኳ የገለበጠው እሱ ነው ይሉሃል። ረቡዕ ሲነጋ በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። ማታውን እዚያ አካባቢ ሲንገዳገድ አይተነዋል ብለዋል።"

ባልታዛር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ጠፋ።

"ሰክሬ አሸዋው ላይ መተኛቴን አልክድም። ግን ገና ያልተገኘ ሰው ታንኳ? እናቴን በመቃብሯ ታሳፍሩብኝ? ሌባ በሉኝ፣ ሰካራም በሉኝ። ታንኳ ገልባጭ ነው አትበሉኝ!"

ቤንቪንዶ ሲወጡ "ለነፍሱ ያልተቆጣ ሰው ለታንኳ ተቆጣ" ብሎ ሳቀ። ኤርሚንዳ አልሳቀችም።

*

የኦሬሊዮ ሚስት ፊሎሜና ዓሣ ሻጭ ናት። ከሐሙስ ማታ ወዲህ ከበሩ ደፍ ላይ አልተነሳችም። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

"እግዜር ያጽናሽ ፊሎሜና።"

"ምን ያጸናኛል አክስቴ? ታንኳዬን ገለበጡብኝ።" እንባዋ አልቆ ድምፅዋ ብቻ ነው የሚያለቅሰው። "ማክሰኞ ማታ በአፉ ወደ ሰማይ አስቀምጬ፣ ውኃና የዳቦ ፍሬ አኑሬበት ነበር። ሲመለስ ይርበዋል ብዬ። ታንኳው ቀና እስካለ ድረስ መንገድ አለው አይደል? ሲነጋ ብሄድ ተደፍቷል። ባሌን ድንጋዩ አልገደለውም፣ ይኼ ነው የገደለው።"

"መቼም መገልበጡ አይቀርም ነበር።"

"በእኔ እጅ ነዋ! ሞቱ ሲረጋገጥ፣ ሚስት ከፊት፣ አበ ልጅ ከኋላ ይዘው ነው እንጂ። ጠርዙ አሸዋ እንዳይበላው ከሥሩ የዳቦ ዛፍ ቅጠል አንጥፌለት፣ መጨረሻ በእጁ የያዘውን ዕቃ አስቀምጬለት። ዕቃው ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ወደ ባሕር አይመለስም። ፍለጋ አይንከራተትም፣ ያርፋል። የኔ ባል ግን ምን ይዞ ያርፋል? ቢላዋውም የለ። እጀታውን በቀይ ክር የጠመጠምኩለት እኔ ነበርኩ።"

ኤርሚንዳ አጠገቧ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እሷም ልጅ እያለች የአባቷ ታንኳ ባዶውን ተመልሶ ያውቃል። እናቷ ሰው እንዲገለብጠው እምቢ አለች። ታንኳው ከቤታቸው ጀርባ በአፉ ወደ ሰማይ እንዳለ በሰበሰ፤ ዝናብ ሞላው፣ ዶሮዎች ጠጡበት። እስከ ዛሬ በሕልሟ የምታየው አባቷን ሳይሆን ያንን ውኃ ነው።

"ማክሰኞ ገበያ ወጥተሽ ነበር?" አለቻት በመጨረሻ።

"ወጥቼ ነበር። እንዲህ መሆኑን መች አውቄ።"

"ማን ዓሣ አመጣልሽ?"

ፊሎሜና ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት።

"ባልታዛር" አለች። "ረፋዱ ላይ። አልገዛሁትም። ዓሣው እንደ እርጥብ ጨርቅ እጅ ላይ ይልፈሰፈሳል፣ አጥንቱ ደቅቋል። ባሩድ የገደለው ነው። ያ ዓይነት ዓሣ ደግሞ በሰሜኑ ጫፍ ካልሆነ የለም።"

"ሰሜኑ ጫፍ ከእንቅልፋሟ ተቃራኒ ነው፣ የደሴቲቱ ሌላ ወገን። ሁለቱም ቦታ ባንድ ጠዋት..."

"አይደረስም።" ፊሎሜና ዓይኗን ጨፈነች። "ሐሙስ ድንጋይ ካነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። እንዲሰቀል ፈልጌ ነበር አክስቴ። አሁንም ብዋሽ ደስ ባለኝ።"

"ያልዋሸሽው ለባልሽ ስትይ ነው" አለቻትና ተነሳች።

*

ሲሊንደር የሚሞላበት የጠላቂዎቹ ቤት ባለቤት ዱዋርቴ ፖርቱጋላዊ ነው፤ ደሴቲቱ ላይ ብዙ ከመኖሩ የተነሳ ሲናደድ በአገሬው ቋንቋ ነው የሚሳደበው። ኤርሚንዳ ስትገባ ሲሊንደሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈው ነበር። ላቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል።

"አየሩ ንጹሕ ነው፣ ኢንስፔክተር። እኔ ራሴ ነኝ የምሞላው። ከፈለጉ አሁኑኑ እተነፍሰዋለሁ።"

"ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ምን ያልብሃል? ሌላ የደበቅከኝ ነገር ካለ ግን አሁን ጊዜው ነው።"

ዱዋርቴ ቁጭ አለ። "ማክሰኞ ጠዋት ኦሬሊዮ ሲወጣ ሁለት ሲሊንደር ይዞ ነው የወጣው። በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አንዱ ቦታው ላይ ቆሟል። እንግዲህ ዓይኔ ነው ያታለለኝ፣ አንድ ብቻ ነው የወሰደው አልኩ። እብድ እንዳልባል ዝም አልኩ።"

"የትኛው ነው?"

አሳያት። ባዶ ነበር። ኤርሚንዳ መክፈቻውን በጣቷ ነካችና ጣቷን ላሰችው። ጨው የለውም። ባሕር የገባ ሲሊንደር ሁሉ ጨው ይይዛል፤ ይኼ ግን በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ በወጉ ደርቋል።

"የሞተ ሰው ዕቃ አያጥብም" አለች።

"የገደለ ሰውስ ያጥባል?" አለ ቤንቪንዶ።

"እጁ የለመደ ከሆነ ያጥባል።"

"አሃ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።"

ኤርሚንዳ ወደ በሩ ሄዳ ተመለሰች። "ዱዋርቴ፣ ጆሮውን ክፉኛ የታመመ ሰው መጥለቅ ይችላል?"

"እንኳን ሊጠልቅ፣ ገንዳ ውስጥ ቢነከር ይጮኻል።"

"ዜፌሪኖ ታዲያ ሐሙስ እንዴት ወርዶ አገኘው?"

"እኔም ገርሞኛል። አብሬው ነበርኩ። ቀጥታ ወረደ፣ ግራ ቀኝ አላለም፣ እዚያ ዋሻ አፍ ላይ ሄዶ ቆመ። ፍቅር ነው አልኩ። ፍቅር ሕመም ያስረሳል አይደል?"

ፍቅር መሆኑን ኤርሚንዳም አልተጠራጠረችም፤ ያስፈራትም እሱ ነው።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዜፌሪኖን "ወደ እንቅልፋሟ ውሰደኝ" አለችው። መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ያለ አንድ ቃል ጀልባውን ገፋ። ነፋስ አልነበረም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ለጥ ብሏል፤ ደሴቲቱ ኋላቸው እየሳሳች ሄዳ ጉም ሆነች። ኤርሚንዳ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ዓይኗ ይከደን ጀመር። እንቅልፍ ነው እንዳትል ነቅታለች፣ ነቅቻለሁ እንዳትል ደግሞ የእናቷን ድምፅ ትሰማ ነበር።

ሞተሩ ጸጥ ሲል ድንጋይዋ አጠገባቸው ነበረች። ነጫጭ ወፎች ትከሻዋ ላይ ተቀምጠዋል። ውኃው ሲወጣና ሲወርድ በእርግጥም የምትተነፍስ ትመስላለች።

"ማየት ይፈልጋሉ?" አለ ዜፌሪኖ። መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት።

"ዋና አልችልም።"

"እኔ እይዝዎታለሁ።"

ቀበቶዋን ከኋላ ያዘላት። ኤርሚንዳ ከጀልባው ጠርዝ ጎንበስ ብላ ፊቷን ነከረች። ዓለም ዝም አለ። የድንጋይዋ ጎን ሐምራዊና ቢጫ ለብሶ ወደ ታች፣ ወደ ታች ይሄዳል። ብርሃኑ በዘንግ በዘንግ ሆኖ ይወርዳል፤ በመሃሉ ቁጥር የሌለው ዓሣ ባንድ ጊዜ ዞረና ባንድ ጊዜ ብር ሆነ። ከዚያ ሥር ሰማያዊው ይጀምራል፤ ስም የሌለው፣ ድምፅ የሌለው ሰማያዊ። አባቷ ከዚያ ውስጥ ቀና ብሎ ቢያያት ያን ጊዜ አይገርማትም ነበር። መፍራት ረሳች። ትንፋሽ መውሰድም ረስታ ኖሮ ዜፌሪኖ ጎትቶ አወጣት።

"እንዲህ ነው" አላት። "ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።"

ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች። የሰውየው እጅ ገና ቀበቶዋ ላይ ነበር። ቢለቃት ማንም አያይም፤ አልለቀቃትም ግን። መነጽሩን መለሰችለት፣ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

"ታች ሆናችሁ እንዴት ነው የምትነጋገሩት?"

"በእጅ። ይኼ ደህና ነኝ ነው። ይኼ ውጣ ነው።" ከዚያ መዳፉን አንገቱ ላይ አሻገረ። "ይኼ ደግሞ አየሬ አለቀ ነው። ይኼን ያየ ሰው የራሱን ቱቦ ከአፉ አውጥቶ ያካፍላል። ተጣልተህም ቢሆን፣ ጠላትህም ቢሆን። ሕጉ ነው።"

"ኦሬሊዮ ሕጉን ያውቅ ነበር?"

ዜፌሪኖ ውኃውን አየ። "ታናሽ ወንድሜ ቶማዝም እዚህ ነው የቀረው። አምና። ከኦሬሊዮ ጋር ጠልቆ። ዞር ስል ጠፋብኝ አለን። ሬሳውን ስናወጣ ሲሊንደሩ ባዶ ነበር።"

"አመንከው?"

"አበ ልጄ ነው" አለ ዜፌሪኖ። መልስ አልነበረም።

*

ሲመለሱ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። የኦሬሊዮ ታንኳ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ በአፉ ተደፍቷል። ሬሳው ከተገኘ በኋላ "አንዴ ተገልብጧል" ብለው ማንም አልነካውም፤ የተገለበጠ ታንኳ የሙት ዓመቱ ቅዳሴ ሳይደርስ አይነሳም። ኤርሚንዳ በአጠገቡ ስታልፍ ቆመች። ከጠርዙ ሥር አንድ ቡናማ ነገር ብቅ ብሏል። ዝቅ ብላ በጣቶቿ ያዘችው። ሰፊ፣ የተሰነጣጠቀ የደረቀ ቅጠል ነው። የዳቦ ዛፍ ቅጠል።

ለፌዝ የገለበጠ ሰው ቅጠል አያነጥፍም። ለክፋት የመጣ ሰው ጠርዙ አሸዋ እንዳይበላው አይጨነቅም። ይኼን ታንኳ የገለበጠው ሰው ለቅሶ ደርሷል፤ መንደሩ ገና ሲጠብቅ እሱ ቀብሯል።

"ቤንቪንዶ!" ብላ ጠራች። "ፊሎሜናን ጥራልኝ። ሽማግሌዎቹንም። ባልታዛርንም ፍታና አምጣው። ዜፌሪኖ፣ አንተ እዚሁ ሁን።"

ሰው ተሰበሰበ። ታንኳው ይነሳ ስትል ጉርምርምታ ሆነ።

"አንቺ ልጅ" አላት ሽማግሌው፣ "የእናትሽን ቤት እናውቃለን። የአባትሽን ሳትገለብጡ፣ የሌላውን ልትከፍቺ?"

ነገሩ ልቧን ወጋት። ቢሆንም ድምፅዋን አላነሳችም። "አባቴ፣ ይኼን ታንኳ ሚስቱ ገልብጣዋለች?"

"አልገለበጠችም።"

"ሞቱስ ተረጋግጦ ነበር?"

"አልነበረም።"

"እንግዲያው በወጉ አልተገለበጠም። በወጉ ያልተገለበጠውን ማንሳት ነውር የለበትም።"

ሽማግሌው ጢሙን አሸና ወደ ፊሎሜና ዞረ። "ባለቤቷ ታውቃለች።"

ፊሎሜና እጇን በታንኳው ጀርባ ላይ አሳረፈች። "አንሱት" አለች።

አራት ሰዎች አነሱት። ቅጠሎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዙሪያውን ተነጥፈዋል፤ አንዱ ከሌላው ሳይነባበር፣ በጥንቃቄ። በመሃላቸው፣ አሸዋው ላይ፣ እጀታው በቀይ ክር የተጠመጠመ ቢላዋ ተጋድሟል።

ፊሎሜና አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ታንኳው የተገለበጠው ረቡዕ ነው" አለች ኤርሚንዳ። "የኦሬሊዮ ሬሳ ሐሙስ ከባሕር ሲወጣ አፎቱ ባዶ ነበር። እኛ ቢላዋው እንቅልፋሟ ሥር ወደቀ ስንል እዚህ ነበር። ይኼን ያስቀመጠው ሰው ማክሰኞ ዕለት ከኦሬሊዮ ጋር ታች ነበር። ሁለተኛውን ሲሊንደር ያዘለው እሱ ነው፣ መልሕቁን ስቦ፣ መሬት ሲቃረብ ታንኳውን ለባሕር ለቅቆ ሲሊንደሩን እንዳዘለ ዋኝቶ የወጣውም እሱ ነው። ቢላዋውን ባሕር መወርወር ይችል ነበር። ግን ኦሬሊዮ ዕቃውን ፍለጋ እንዳይንከራተት አሰበለት። ጠላት እንዲህ አያስብም። ለኦሬሊዮ እንዲህ የሚያስብለት ሰው አንድ ብቻ ነው።"

ማንንም አላየችም። ዜፌሪኖ ከጆሮው ጥጡን አወጣና መሬት ጣለው።

"ልወረውረው ነበር" አለ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

"ዜፌሪኖ" አለች ፊሎሜና። ስሙን ብቻ።

"በማለዳ መጥቶ ከቤቴ ወሰደኝ። ድንጋይዋ ጋ ስንደርስ፣ ሳንገባ፣ ነገረኝ። ቶማዝ አየሬ አለቀ ብሎ አሳይቶት ነበር። ፈራሁ፣ የኔም ትንሽ ነበር፣ ጥዬው ወጣሁ አለኝ። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፣ ይቅር በለኝ አለኝ።" ትንፋሹን ዋጠ። "ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። እውነቴን ነበር፣ ወይም መሰለኝ። ገባን። መረቡን ስንቆርጥ ተጠመጠመበት። እጁ ወደ ኋላው አልደርስ ሲለው ቢላዋውን ሰጠኝ። ቁረጥልኝ አለኝ በእጁ። ከዚያ አየሩ ማለቅ ጀመረ። እንዲህ አደረገ።"

መዳፉን አንገቱ ላይ አሻገረ። ከሕዝቡ አንዲት ሴት ልቅሶ ጀመረች።

"ያን ጊዜ ቶማዝን አየሁት። ቢላዋውን እንደያዝኩ ወደ ላይ ወጣሁ። እመለሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት፣ በልጄ ስም! የክርስትና ልጄ ናት፣ በእሷ ስም። ታንኳው ላይ ተቀምጬ እመለሳለሁ፣ አሁን እመለሳለሁ እል ነበር። በሲሊንደሩ የቀረው እየተንጠፈጠፈ አረፋው ይወጣ ነበር። እያየሁት ቆመ።"

ባልታዛር ባርኔጣውን አወለቀ። ማንም ድንጋይ አላነሳም። ኤርሚንዳ ከዚህ በፊት ሰው ይዛ ታውቃለች፤ እንዲህ ልቧ ተሰብሮ ግን ይዛ አታውቅም። ገመድ የያዘውን ቤንቪንዶን በእጇ ከለከለችው።

ፊሎሜና ወደ ዜፌሪኖ ቀረበች። ልትመታው ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ።

"ታንኳዬን ብቻህን ገለበጥከው" አለችው። "ባሌን ወሰድክ። ድርሻዬን እንኳ አልተውክልኝም።"

"አዎ።"

"ና ያዝ።"

"ፊሎሜና..."

"ከኋላ ያዝ አልኩህ! አበ ልጅ ነው የሚይዘው። ከየት ላምጣ? ሌላ አበ ልጅ የለኝም።"

ሽማግሌው ሊናገር ነበር፤ ኤርሚንዳ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ፊሎሜና ቅጠሎቹን በጉልበቷ ሄዳ አንድ በአንድ አስተካከለች። ቢላዋውን አንስታ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችና ለኤርሚንዳ ሰጠቻት።

"ለዳኛው ትወስጂዋለሽ፣ አውቃለሁ። ታዲያ ከሥሩ ምን ይቀመጥለት? መጥቶ ይፈልጋል።"

የኤርሚንዳ ሕግ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የለውም።

ዜፌሪኖ መነጽሩን ከአንገቱ አወለቀ። ከባሕሩ ገና እርጥብ ነበር። ተንበርክኮ ቢላዋው በነበረበት ቦታ፣ አሸዋው ላይ አስቀመጠው። ሕዝቡ ምን እንዳደረገ ገባው፤ መነጽሩ የራሱ ነው፣ ዕቃው ከታንኳ ሥር የገባ ሰው ደግሞ ወደ ባሕር አይመለስም።

ፊሎሜና አየችው። ከዚያ የታንኳውን ፊት ያዘች፣ እሱ ከኋላ ያዘ፣ ሁለቱም ባንድ ትንፋሽ አነሱና ገለበጡት። እንጨቱ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ድምፅ አላሰማም።

በማግስቱ መርከቡ መጣ። ከአሸዋው እስከ መሰላሉ ድረስ ኤርሚንዳ ከዜፌሪኖ አጠገብ ሄደች፤ እሱ ዓይኑን ከእግሩ አላነሳም፣ አንድም ጊዜ ወደ ባሕሩ አልዞረም።